ከመኪናው ስር የማይገባው ሰው

ባለቤቴ ያንን ሰው ወደ ቤታችን ያመጣው በዘይት ሰበብ ነው።

አሮጌዋ ነጭ መኪናችን፣ እስራኤል ውስጥ አፉላ ኢሊት በሚባለው ሰፈር ባለው ሕንፃችን ስር በምትቆምበት ቦታ፣ ጥቁር ጠብታ እየጣለች ማደር ጀምራ ነበር። መጀመሪያ የአዝራር ያህል ነበር፤ እየቆየ የሰሃን ያህል ሆነ። ባለቤቴ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ጨርሰናል አሉት፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግማ አንጠባጠበች። መልሶ ወሰዳት፤ አሁን ደግሞ የሚያፈሰው ሌላ ቦታ ነው አሉት። ያን ቀን ሲመለስ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወረወረና፣ እነዚህ ሰዎች አንዱን ቀዳዳ ሲደፍኑ ሌላውን ይከፍታሉ፣ ከእንግዲህ ከስሯ ገብቼ የማያት ራሴ ነኝ አለ።

በጋራዡ ነገር ከእሱ ጋር ነበርኩ። መጠርጠር ለእኔ እንግዳ ነገር አይደለም። ያኔ ወታደር የነበረችው፣ እናቴ ለማለት ኢማ የምትለኝ ልጄ፣ "ኢማ፣ አንቺ እኮ ዳቦ ስትገዢም ዳቦውን ትመረምሪዋለሽ" እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው። ዳቦውንም እመረምራለሁ፣ የሚሸጠውንም ሰው እመረምራለሁ። ከመኪና ስር መግባት ግን ሌላ ነገር ነው። ባለቤቴ በፕላስቲክ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ አምሳን ያለፈ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ነበር። ስለ መኪና የሚያውቀው መንዳትና ውሃ መጨመር ብቻ ነው። ማን ሊያሳይህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ሰው አግኝቻለሁ አለኝ።

ሰውዬው ከፋብሪካው አጠገብ በመሠራት ላይ ባለ አንድ ሕንፃ ሾሜር ነበር፤ ዘበኛ ማለቴ ነው። ከባለቤቴ ጋር የተዋወቁት አውቶቡስ ሲጠብቁ ነው። በፈረንጆች ዘጠና አንድ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ከመጡት ወገን ነው። እኛ ከእነሱ ቀድመን በሱዳን በኩል የመጣን የጎንደር ገጠር ሰዎች ነን። ወጉ አንድ ቢሆንም አነጋገሩ ይለያል፤ የእሱ አማርኛ ጫፉ የተቆረጠ፣ የተላገ ነበር። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ሲያወራ የሰው ዓይን አያይም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር አለ። ሌላ ነገር ሳይጨምር ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ያን ቀን በአንቱ ነበር ያናገርኩት። ከባለቤቴ ብዙም የሚበልጥ ሰው አይደለም፤ "እህቴ፣ አንተ በይኝ እንጂ፣ ይህን ያህል አረጀሁ እንዴ?" ብሎኝ ነበር። እንግዳ በአንቱ ነው የሚከበረው ብዬ መለስኩለት። በሆዴ ግን ሌላ ነበር። አንቱ የሚሉት ሰው ሩቅ ይቆማል። እንዲቀርብ አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ክሪክ ገዝቶ መጥቶ ነበር። መኪናዋን በእሱ አንስቶ ከስሯ ብሎኬት ሊደረድር፣ ከዚያ ሊገባ ነበር ሐሳቡ። ሰውዬው ክሪኩን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ይህን ወደ መጣበት መልሰው፣ ክሪክ ጎማ ለመቀየር ነው፣ ሰው የሚገባበትን መኪና ክሪክ አይሸከምም አለው። ከእንጨት መወጣጫ እንሠራለን፤ የፊት ጎማዎቿ ይወጡበታል፣ አፍንጫዋ ከፍ ይላል፣ አንተም በደረትህ ሳትሳብ በጀርባህ ተኝተህ ትገባለህ አለ። ባለቤቴ በአንድ ጊዜ ተስማማ። ክሪኩን የመለሰው በማግስቱ ነው። ይህ ሰው ባሌን ምን አደረገው፣ የእኔን ቃል ሦስቴ ሳይሰማ የማይነቃነቅ ሰው፣ በባዕድ ቃል እንዲህ የሚታዘዘው በምን ምክንያት ነው አልኩ ለራሴ።

ከዚያ እንጨቱ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ታች ከተማ ከምንከባከባት አሮጊት ቤት ስመለስ፣ በማህሳናችን፣ ማለትም ከሕንፃው ስር ዕቃ በምናስቀምጥባት ጠባብ ክፍል፣ በር ላይ ወፋፍራም ጣውላዎች ተደርድረው አገኘሁ። ሲሚንቶ የነካቸው፣ ግን ጤነኛ ጣውላዎች። ከየት ነው ስለው ባለቤቴ፣ እሱ ነው ያመጣቸው አለኝ። እሱስ ከየት አመጣቸው? ከሥራ ቦታው። ዘበኛ የሚጠብቀውን እንጨት ወደ ሰው ቤት ሲያጓጉዝ ስሙ ምን እንደሆነ አንተው ንገረኝ አልኩት። ባለቤቴ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ሥራ ስሄድ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩና በዚያ በሚሠራው ሕንፃ በኩል አለፍኩ። ከአጥሩ ውጭ የተጣለ የእንጨት ክምር ነበር። ሁለት ሰዎች ከክምሩ እየመረጡ ወደ መኪናቸው ይጭኑ ነበር፤ ማንም አልከለከላቸውም። እሱ በሩ ላይ በወንበሩ ተቀምጦ ነበር፤ አላየኝም። በእንጨቱ በኩል ነፃ ወጣልኝ። ያም ሆኖ ደስ አላለኝም። ሰው በአንዱ ነገር ንጹሕ ስለሆነ በሁሉም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ሥራው ሁለት አርብ ፈጀባቸው። ጣውላዎቹን በልክ በመጋዝ ቆረጡ። ረጅሙ ከታች፣ ከእሱ ትንሽ የሚያጥረው በላዩ፣ ከዚያም የሚያጥረው እንደገና በላዩ፤ እንደ ደረጃ። መካከሉን ኮላ ቀብተው በረጃጅም ብሎን አሰሩት። ከላይ ጎማው አልፎ እንዳይወድቅ ታኮ መቱበት። ሰጋቱራው ነፋስ ወስዶት የጎረቤት መስኮት ድረስ ደረሰ፣ ከሕንፃው ኮሚቴ ሴትዮ ጋርም ተጨቃጨቅን። ሰውዬው ሥራውን ያውቀዋል ማለት እችላለሁ፤ ወይም የሚያውቅ ይመስላል። አንዱን ጣውላ ዓይኑ አጠገብ አድርጎ ጫፉን ያይና፣ ይህ ዓይን አለበት፣ ይሰነጠቃል ብሎ ይጥለዋል። ባለቤቴ የተጣለውን አንስቶ ይህ እኮ ደህና ነው ሲል፣ ደህና አይደለም ይለዋል፣ ብቻ። ምክንያት አያበዛም።

መኪናዋ መጀመሪያ መወጣጫው ላይ የወጣች ቀን በረንዳ ላይ ሆኜ እመለከት ነበር። የእኛ ሰፈር ዳገት ነው፤ ሜዳ የሚባል ከሕንፃው ጀርባ ያለው ቁራጭ መሬት ብቻ ነው። ባለቤቴ ነዳ፣ ሰውዬው በእጁ እየመራ አወጣው። እንጨቱ አንዴ ጮኸ፤ ቆመች። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አስገቡ። ባለቤቴ ካርቶን አንጥፎ ተኛና በጀርባው እየተሳበ ገባ። እግሮቹ ብቻ ቀሩ።

ሰውዬው አልገባም። ከፊት ጎማው አጠገብ ቆሞ፣ የግራ እጁን መኪናዋ ላይ አድርጎ፣ ወደ ታች ሳያይ ያወራ ነበር። በስተቀኝህ ብሎን ታያለህ፣ ጥቁር ነው፣ ከእሱ አለፍ ብሎ ምን አለ እያለ። ባለቤቴ ከስር ይመልሳል። አንዴ ባለቤቴ፣ ይህን አልገባኝም፣ ና እይልኝ አለው። ሰውዬው፣ ዓይኔ በጨለማ አያይም አለ። ባትሪ እኮ አለ፣ አለ ባለቤቴ። ወገቤንም ያመኛል አለ።

ሁለተኛ ጊዜ፣ በሌላ ሳምንት፣ እንደዚሁ ሆነ። ዓይኑ አያይም፣ ወገቡ ያመዋል። እንጨት ሲሸከም የማያመው ወገብ፣ የጣውላ ስንጥቅ ከሩቅ የሚለይ ዓይን።

በዚያን ጊዜ ነው ጥርጣሬዬ ስም ያገኘው። ወደ ሱዳን ስንሄድ መንገድ የሚመራን አንድ ሰው ነበር። ውሃ ሲያልቅብን በደረቅ ወንዝ ዳር አንድ ጉድጓድ አሳየንና ጠጡ አለን። ሁላችን ተደፋን። እሱ ግን ከኮዳው ነበር የሚጠጣው። አባቴ አስተውለውታል፤ እስኪናገሩ ድረስ ግን ጠጥተን ነበር። አክስቴ ከዚያ ውሃ በኋላ ሆዷን ይዛ ወደቀች፤ በዚያው ቀብረናት ሄድን። ሰውዬው ጉድጓዱ የተበከለ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን የሰውን አፍ ትቼ እጁን አያለሁ። የሚያጠጣኝ ሰው እሱም ይጠጣል ወይ እላለሁ።

ይህን ለባለቤቴ ብነግረው ይስቅብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬም ብዙ አልቆየም።

የአሮጊቷ ልጅ መጥታ ስለነበር አንድ ቀን ሥራ አልሄድኩም። ባለቤቴ ፋብሪካ ነው። ቀትር ላይ ልብስ ሳሰጣ ከበታች ድምፅ ሰማሁ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጎንበስ ብዬ ባይ ሰውዬው ነው። ማህሳናችን ተከፍቷል፤ እሱ ዘንድ ቁልፍ እንዳለ አላውቅም ነበር። አንደኛውን መወጣጫ ገልብጦ በመዶሻ ጀርባ እያንኳኳ ጆሮውን ያስጠጋል። ከዚያ መፍቻ አወጣና ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር።

ነጠላዬን ሳልይዝ ወረድኩ። ሲያየኝ እንደ ሌባ ደነገጠ፤ መዶሻውን ከኋላው አደረገው።

"ምን እያደረጉ ነው?" አልኩት።

"እያየሁት ነው፣ እህቴ።"

"የሚያዩት በመፍቻ ነው?"

የላይኛውን ጣውላ ግማሽ እንደተፈታ ትቶ፣ ከባልሽ ጋር እነጋገራለሁ ብሎ ወጣ። ወደ ዋናው መንገድ ሲወርድ በዓይኔ ሸኘሁት፤ ዞር ብሎ አላየም። እኔም ሁለቱንም መወጣጫዎች ጎትቼ አስገባሁና ታች ከተማ ወርጄ አዲስ ቁልፍ ገዝቼ በሩን ቆለፍኩት። ቁልፉን በአንገቴ አሰርኩት።

ባለቤቴ ሲመጣ በሩን ሊከፍት ሄዶ ተናዶ ተመለሰ። ቁልፉን አምጪ አለኝ። አልሰጥህም አልኩት። ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ ሊያጠብቀው ይሆናል አለ። እኔም ስፈራ የቆየሁትን ጥያቄ ጠየቅሁት።

"አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያ ሰው ከመኪናው ስር ገብቶ ያውቃል?"

ባለቤቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲያስብ ፊቱ ላይ አየሁት፤ እያንዳንዱን ቀን ወደ ኋላ እየመለሰ ነበር። ወገቡን ያመዋል እኮ አለ በመጨረሻ፤ አባባሉ ግን ራሱንም አላሳመነውም። ያን ማታ እራቱን ግማሹን ትቶ ተነሳ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ጠራነው። ልጄም ለቅዳሜ ሰንበት መጥታ ነበር፤ ነገሩን ስነግራት "ኢማ፣ ዳይ፣ ይበቃል፣ ሰውዬው ሊረዳችሁ ነው የመጣው" አለችኝና ክፍሏ ገባች። በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ሰውዬው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፣ ለምን እንደተጠራ የገባው ይመስላል። ባለቤቴ ወደ ጉዳዩ መግባት አቃተው። የአየሩን ሙቀት፣ የፋብሪካውን ሥራ፣ እየተሠራ ያለውን የባቡር ጣቢያ አወራ። ወሬውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

"አንተ የማትገባበት ቦታ ባሌን የምታስገባው ለምንድን ነው?" አልኩት።

አንተ ማለቴን ሁላችንም ሰማነው። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ሰውዬው ግን አልተቆጣም፤ ያን ቃል ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ።

"መካኒክ አልነበርኩም" አለ። "መካኒኩ ወንድሜ ነበር።"

ከዚያ በኋላ የነገረንን በራሴ ቃል ልናገር፤ እሱ እየተቆራረጠ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው የተናገረው። ታላቅ ወንድሙ እዚያ ሶማሌ ተራ አካባቢ መካኒክ ነበር። እሱ ሃያን ገና አልፎ ሥራ ፈት ስለነበር ወንድሙ ዘንድ እየዋለ መፍቻ ያቀብላል። አንድ ቀን የጭነት መኪና በክሪክ አነሱ፣ ከስሩ ድንጋይ ደረደሩ። ድንጋዩን ያመጣውና ያስቀመጠው እሱ ነው። ወንድሙ ገባ። እሱ ከጎማው አጠገብ ጣሳ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ፣ ከወንድሙ ጋር ስለ አንድ ሰርግ ያወሩ ነበር። አንደኛው ድንጋይ ለሁለት ተከፈለ። ድምፁ ትንሽ ነበር አለ፤ የደረቀ ዳቦ ሲቆረስ ያህል። ብቻ ወንድሙ ጀምሮት የነበረውን ቃል አልጨረሰውም።

ባለቤቴ ውሃ ቀድቶ ፊቱ አስቀመጠለት።

ሰውዬው ቀጠለ። ባለቤቴን መጀመሪያ ያየው ፌርማታ ላይ ነው፤ ለሥራ ጓደኞቹ፣ ክሪክ ገዝቻለሁ፣ በብሎኬት አስደግፌ ራሴ ልሠራት ነው ሲል ሰማው። አላውቀውም ብሎ ሊያልፍ ነበር፤ አልቻለም። እኔ ሙያ አለኝ ካላልኩት አይሰማኝም ብዬ ዋሸሁ አለ። በመወጣጫው ግን አልዋሸሁም፤ የዘበኝነት ሥራ ጊዜ ይሰጣል፣ አናጺዎቹን ስንት ጊዜ ጠይቄ፣ ስንት ጊዜ ሲሠሩ ቆሜ አይቼ ነው የሠራሁት። መዶሻውንስ? አልኩት። ያለፈው ሳምንት መኪናዋ ስትወርድ አንደኛው መወጣጫ ሌላ ዓይነት ድምፅ ሰጠ፤ እናንተ አልሰማችሁትም፣ እኔ ሰማሁት አለ። ብነግራችሁ አንቺ ነገሩን በሙሉ ታስቆሚዋለሽ፤ እሱ ደግሞ ወደ ክሪክ ሐሳቡ ይመለሳል። ስለዚህ ማንም ሳያየኝ ልቀይረው መጣሁ።

"ሰው ልታስገድል ነበር" አልኩት። ቁጣዬ አልበረደም ነበር። "ቢሰነጠቅስ ኖሮ?"

"እሱ ከስር ሲሆን አንድም ቀን ተቀምጬ አይተሽኛል?" አለኝ። "እጄ ከመኪናዋ ተነስቶ ያውቃል? ድምፅ ከሰማሁ እግሩን ይዤ ልጎትተው ነው።"

እውነት ነበር፤ ከበረንዳ ያየሁት ይህንኑ ነው። ቆሞ ነበር፣ እጁም መኪናዋ ላይ ነበር። ያየሁትን አየሁ፣ ትርጉሙን ግን እኔው ነኝ የሰጠሁት። ቢሆንም እጁን ይዤ አላለቀስኩም፤ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም። የሞተ ወንድም ታሪክ ማንም ሊያወራ ይችላል አልኩ በልቤ። እኔ ማየት የምችለው ጣውላውን ነው።

ሰንበት ካለፈ በኋላ፣ እሑድ ከሥራ ስመለስ፣ ማህሳኑን ከፍቼ ብቻዬን ገባሁ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጋን ወይም ማሰሮ ጤነኛ መሆኑን የምታውቀው በጣቷ አንኳኩታ ነው፤ ጤነኛው ይዘፍናል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። በልጅነቴ ገበያ ላይ ከአጠገቧ ተቀምጬ ያን ድምፅ ተምሬዋለሁ። ትቶት የሄደውን መዶሻ አነሳሁና አንደኛውን መወጣጫ መታሁ። የሞላ ድምፅ ነበረው። ሁለተኛውን መታሁ። የላይኛው ጣውላ ታፈነ። በግማሽ የተፈቱትን ብሎኖች ፈትቼ ገለበጥኩት። ከብሎኑ ቀዳዳ የተነሳ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ በሆዱ በኩል እስከ መሃል ሄዷል። ከላይ ምንም አይታይም።

ጣውላውን ይዤ ወጣሁና ለባለቤቴ አሳየሁት። ብዙ አልተነጋገርንም።

እንደገና ሠሩት። በዚህ ጊዜ እኔም ነበርኩበት፤ አላምንም ካልሽ ቆመሽ እዪ አሉኝ፣ ቆምኩ። መጀመሪያ ለብሎኑ ቀዳዳ በቀጭኑ ሰረሰሩ፣ ብሎኑ እንጨቱን እንዳይገፋው። ከጣውላ ጣውላ መረጥኩ፤ እያንዳንዱን አንኳኩቼ ነው ያሳለፍኩት፣ ሰውዬው የወደደውን ሁለቱን እኔ ጣልኩ። አልተከራከረኝም። አርብ ቀን ሥራው ሲያልቅ መኪናዋን ራሴ ነዳሁና አወጣኋት። ማንም ከስሯ ሳይገባ ሰንበቱን በሙሉ እዚያው ቆማ እንድትውል አደረግሁ። በየሰዓቱ በረንዳ ላይ እየወጣሁ አያት ነበር። ልጄ፣ ይህቺን መኪና እንደ አዲስ ሙሽራ ነው የምትጠብቂያት አለችኝ።

እሑድ ባለቤቴ ገባ። ዘይቱ የሚያፈሰው፣ ዘይት ሲቀየር ከታች ከሚፈታው ብሎን ነበር፤ ሥሩ መሆን ያለበት ሮንዴላ፣ ቀጭኑ የመዳብ ቀለበት፣ የለም። ያ ሁሉ ምልልስ፣ ያ ሁሉ ጋራዥ፣ የጣት ጥፍር ለምታህል ነገር። ባለቤቴ ከስር ሆኖ ሳቀ። አዲስ ሮንዴላ አስገባ፣ አጠበቀ፣ ዘይት ሞላን።

ባለቤቴ ሲወጣ እኔ ልግባ አልኩ። ለምን እንዳልኩ በደንብ አላውቅም። ሁለቱም አትገቢም አሉ፤ ባለቤቴ ለልብሴ ብሎ፣ ሰውዬው ለሌላ ነገር ብሎ። ካርቶኑ ላይ ተኛሁና በጀርባዬ ገባሁ። ከዚያ በኩል መኪና ሌላ ፍጥረት ነው፤ ሆዷ ጭቃና ቅባት ነው፣ ትሞቃለች፣ ክብደቷ ሳትነካሽ ይሰማሻል። ፊቴን ወደ ጎን ሳዞር መወጣጫውን አየሁ። ጎማው ጣውላው ላይ ሰምጦ ተቀምጧል። ከመወጣጫው አጠገብ የሰውዬው ጫማ ነበር፤ አቧራ የጠገበ የዘበኛ ጫማ። ጣቶቹ ወደ እኔ የዞሩ፣ አንዱ እግር ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሊሮጥ እንዳለ ሰው። አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሹ ይሰማኛል። በቀስታ የሆነ ነገር ይናገር ነበር፤ ጸሎት ይሁን ወይም ከወንድሙ ጋር የጀመረው ወሬ፣ አልለየሁትም። እኔ ከስር የቆየሁት እስኪበቃኝ ነው፤ ለእሱ ግን ረጅም እንደነበር የገባኝ ስወጣ ነው፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

"ታምኚያለሽ አሁን?" አለኝ ባለቤቴ።

እንጨቱን አምናለሁ አልኩት። ሰውዬው ፈገግ አለ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

መወጣጫዎቹ በሰፈሩ ታወቁ። በዚያን ዓመት ክረምት የማይዋሳቸው አልነበረም፤ የእኛ ሰዎች፣ ከላይኛው ፎቅ ያለው ሩሲያዊ ጎረቤታችን፣ የባለቤቴ የፋብሪካ ጓደኞች። ሰውዬው ለማንም አትስጡ ብሎ አልከለከለም፤ ነገር ግን ማንም ሲጠቀምባቸው እሱ እንዲኖር ይፈልግ ነበር። ከሥራ ወጥቶ አውቶቡስ ይዞ ዳገቱን ይመጣል፣ ከጎማው አጠገብ ይቆማል፣ እጁን መኪናው ላይ ያደርጋል፣ ሲያልቅ ይሄዳል። ሻይ ስንለው አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም።

ሰው ማጉረምረም መጀመሩ አልቀረም። አንዷ ዘመዴ ደረጃ ላይ ያዘችኝና፣ ያ ዘበኛ ምን ፈልጎ ነው በየሰው መኪና ላይ እንደ ጥላ የሚቆመው አለችኝ፤ አይሠራ፣ አይገባ፣ ዝም ብሎ ይቆማል፤ የሆነ ነገር አለበት፣ አንቺ እንኳ ሳታውቂ አትቀሪም አለችኝ።

እሷ እንደዚህ ስትለኝ ዓይኗን አየሁት፤ የራሴን ዓይን ያየሁ መሰለኝ። የወንድሙን ነገር ልነግራት እችል ነበር። አደራ አላለኝም፣ ምስጢር ነውም አላለም። ግን በደረጃ ላይ የሚነገር ነገር አይደለም።

"ዘበኛ ነው" አልኳት፣ "ሥራው መቆም ነው።"

መልሴ አላጠገባትም። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ላይ ወጣሁ።